ምሬትን መመጠን፦ የኮሪያው የዶራጂ ሥር ማባያ በቤት ውስጥ አሠራርና የአሠራሩ ምክንያት

መግቢያ

የኮሪያ ገበታ ከሩዙና ከሾርባው ጎን በትናንሽ ሳህኖች በሚቀርቡ ልዩ ልዩ ማባያዎች ይታወቃል። እነዚህ ማባያዎች በጥቅሉ ባንቻን ይባላሉ። ከእነርሱም መካከል ቅጠልን፣ ግንድን ወይም ሥርን በቅመም ለውሶ የሚዘጋጀው ወገን ናሙል የሚል ስም አለው። ጥሬውን ወይም በጥቂቱ የተቀቀለውን አትክልት በቅመም በእጅ አሽቶ መለወስ ደግሞ ሙቺም ይባላል። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው ዶራጂ ከተባለው ተክል ሥር የሚዘጋጀውን ማባያ ነው።

ስለ ዶራጂ አሠራር ሲነገር ትኩረቱ ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በቅመሙ ላይ ነው፤ በርበሬው፣ አቼቶው፣ ሰሊጡ በዝርዝር ይቆጠራሉ። ሥሩን በጨው ማሸትና በውኃ መዘፍዘፍ ግን እንደ ተራ እጥበት በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የማባያው ዕጣ የሚወሰነው ግን በዚያ በታለፈው ደረጃ ነው። ዶራጂ ሳይዘጋጅ ቢበላ ይመራል፤ ጉሮሮንም ይከረክራል። ከመጠን በላይ ቢታጠብ ደግሞ ጣዕም የሌለው ነጭ ጭረት ብቻ ይቀራል፤ ሥሩ ከጥንት ጀምሮ የተፈለገበት ነገርም ከእጥበቱ ውኃ ጋር ይፈሳል። ስለዚህ የአብሳዩ ጥያቄ ምሬቱ ምን ያህል ይውጣ፣ ምን ያህልስ ይቅር የሚል ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ማብራሪያ ይህን ጥያቄ መነሻ አድርጎ፣ እያንዳንዱ የአሠራር ደረጃ ለምን እንደሚደረግ ያስረዳል፤ በቤት ውስጥ ለመሥራት የሚያስፈልገውንም ልክ ይሰጣል።

ተክሉና በገበታ ላይ ያለው ስፍራ

ዶራጂ በሳይንሳዊ ስሙ ፕላቲኮዶን ግራንዲፍሎረስ ይባላል። ካምፓኑላሴ በተባለው የዕፅዋት ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ፣ ከዓመት ዓመት የሚኖር ተክል ሲሆን፣ በወገኑ ውስጥ ያለው ብቸኛ ዝርያ ነው። የተፈጥሮ መኖሪያው ምሥራቅ እስያ ነው፤ በኮሪያ፣ በቻይና፣ በጃፓንና በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ይበቅላል። አበባው ሐምራዊ ወይም ነጭ ነው፤ ሳይፈነዳ በፊት እንቡጡ እንደ ተነፋ ፊኛ ስለሚያብጥ በሌሎች አገሮች በዚሁ ቅርጹ የተሰየመበት ጊዜ አለ። ሥሩ ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ ሲላጥ ነጭ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ እንደ ጂንሰንግ ሁሉ ወደ ታች ይቀነጠባል።

ኮሪያውያን ይህን ሥር በሁለት ዓይን ያዩታል። አንደኛው የምግብ ነው። ዶራጂ ከሩዝ ጋር በሚቀላቀለው በቢቢምባፕ ውስጥ ይገባል፤ በቹሶክ የመኸር በዓልና ጄሳ በተባለው የአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ ሥርዓት ላይም ይቀርባል። በእነዚህ ጊዜያት ሳምሴክ ናሙል፣ ማለትም ባለ ሦስት ቀለም ናሙል፣ ይዘጋጃል፤ ነጩ ዶራጂ፣ ቡናማው ጎሳሪ የተባለ የፈርን ቡቃያ፣ አረንጓዴው ደግሞ ስፒናች ነው። ሦስቱም ሥር፣ ግንድና ቅጠል በመሆናቸው ቀደምት አባቶችን፣ ወላጆችንና ልጆችን ይወክላሉ ተብሎ ይተረጎማል። ዶራጂ በሥርነቱ የቀደምቶቹን ቦታ ይይዛል። ስሙን የያዘው «ዶራጂ ታርዮንግ» የተሰኘው የሕዝብ ዘፈንም በኮሪያ በስፋት የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ዓይን የመድኃኒት ነው። የደረቀው ሥር በኮሪያ ጊልግዮንግ እየተባለ በባህላዊው ሕክምና ለሳል፣ ለአክታና ለጉሮሮ ሕመም ሲታዘዝ ኖሯል፤ የቻይናም ሆነ የጃፓን ባህላዊ ሕክምና ያውቀዋል። ዛሬም በኮሪያ ጉሮሮ ለታመመ ሰው የዶራጂ ሻይ ወይም በማር የተዘፈዘፈ ዶራጂ ማቅረብ የተለመደ ነው። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ሥርን የሚመለከቱ እንደ መሆናቸው የሚጋጩበት ነጥብ አለ፤ ለሕክምና የሚፈለገውና በምግብ የሚታጠበው ነገር በአብዛኛው አንድ ነው።

ምሬቱ ከምን ይመጣል?

በዶራጂ ሥር ውስጥ ከሚገኙት ውሕዶች ዋናዎቹ ሳፖኒኖች ናቸው። ከእነርሱም በይበልጥ የተጠናው ፕላቲኮዲን ዲ ይባላል። ሳፖኒን የሚለው ቃል መነሻው ሳሙና የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ቃል ነው፤ ስያሜውም ከጠባዩ ጋር ይስማማል። የሳፖኒን ሞለኪውል ሁለት ወገን አለው፤ አንዱ ወገን ስብን የሚወድ፣ ሌላው ከስኳር ሰንሰለቶች የተሠራና ውኃን የሚወድ ነው። በዚህ ምክንያት እንደ ሳሙና ውኃ ውስጥ ሲናጥ አረፋ ይሠራል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ጠባይ ከእንዶድ ያውቀዋል። የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ ለልብስ ማጠቢያ ሲያገለግል የሚታየው አረፋ የሳፖኒን ሥራ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያሳዩትም በዚሁ የውሕድ ወገን ምክንያት ነበር። እርግጥ የእንዶድና የዶራጂ ሳፖኒኖች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ለማጠቢያ፣ ሌላው ለምግብ የሚሆንበትም ምክንያት ይህና የመጠናቸው ልዩነት ነው። የጋራ ጠባያቸው ግን ለአብሳዩ ሦስት ነገር ያስተምረዋል። አንደኛ፣ ሳፖኒን በውኃ ይሟሟል፤ ስለዚህ በውኃ ሊወጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ ሲወጣ አረፋ ይሠራል፤ ስለዚህ መውጣቱን በዓይን መከታተል ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ ያልተጎዳ ሕዋስን ሽፋን በቀላሉ አልፎ አይወጣም፤ ስለዚህ ውኃ ብቻውን በቂ አይደለም።

የኮሪያ ቋንቋ በሥሩ ውስጥ ሁለት ስሜቶችን ይለያል። «ስን ማት» ቀጥተኛው ምሬት ሲሆን፣ «አሪን ማት» ደግሞ ምላስን የሚቆነጥጥና ጉሮሮን የሚከረክር ስሜት ነው። ዶራጂ ሁለቱም አሉት። ዝግጅቱ የሚፈልገው ሁለተኛውን በተቻለ መጠን ማስወገድና ከመጀመሪያው ጥቂቱን ማስቀረት ነው። ጥቂት ምሬት ያለበት ዶራጂ ምራቅን ያነቃቃል፤ ከስብና ከሩዝ በኋላም አፍን ያጠራል። ምሬት ጨርሶ የሌለበት ዶራጂ ግን ከማናቸውም ሌላ ነጭ ሥር አይለይም።

ጨው፣ እጅና ውኃ

የተላጠው ሥር በመጀመሪያ በቁመቱ ይሰነጠቃል። በተክሉ ሥር ውስጥ ውኃና ምግብ የሚያስተላልፉት ቧንቧዎች በቁመት የተዘረጉ ናቸው፤ ሥሩ በዚያው አቅጣጫ ሲሰነጠቅ ረጃጅምና ሲታኘክ ኩርሽም የሚሉ ክሮች ይገኛሉ። በአግድም ቢቆረጥ ግን ቶሎ የሚሰባበሩ ክብ ቁርጥራጮች ይሆናሉ።

ስንጠቃው የእጥበቱንም ፍጥነት ይወስናል። ዲያሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሲሊንደር ቅርጽ ያለው ሥር ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ኩብ ይዘቱ 4 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል የጎን ገጽ አለው። ይኸው ሥር ጎናቸው 3 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ክሮች ቢሰነጠቅ፣ የገጹ ስፋት ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ኩብ ከ13 ካሬ ሳንቲ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ ይኸውም ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በዲፊዩዥን፣ ማለትም ከብዙው ወደ ጥቂቱ በሚደረገው የሞለኪውሎች ጉዞ፣ የሚያስፈልገው ጊዜ ደግሞ በውፍረቱ ካሬ ልክ ይለዋወጣል። ውፍረቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ጊዜው ወደ አሥራ አንደኛው ክፍል ገደማ ይቀንሳል። ወፍራም ሥር ሌሊቱን ሙሉ ተዘፍዝፎ እንኳ መሐሉ መራራ ሆኖ የሚገኘው፣ ቀጭኑ ግን በግማሽ ሰዓት የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ጨው ይነሰነሳል። ጨው በተቆረጠው ገጽ ላይ ባለው እርጥበት ሟሟቶ ጠንካራ የጨው ውኃ ይፈጥራል። በኦስሞሲስ ሕግ መሠረት በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ ስስ ሽፋኑን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሕዋሱ ተወጥሮ የነበረበትን ግፊት ያጣል፤ ክሩም ይዝላል። የዛለ ክር ሲታጠፍ አይሰበርም፤ የመጀመሪያው ደረጃ መጠናቀቁ የሚታወቀውም በዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ኦስሞሲስ በዋነኛነት የሚያወጣው ውኃን ነው። ሳፖኒኑን ለማስወጣት ሕዋሱ መከፈት አለበት፤ ይህንም የሚሠራው እጅ ነው። ጠጠር ጠጠር ያለ ጨው ከክሩ ጋር ሲታሽ እንደ ሻካራ ድንጋይ የላይኛዎቹን ሕዋሳት ይሰብራል፤ በውስጣቸው የነበረው መራራ ፈሳሽም ይወጣል። በዚህ ጊዜ በእጅ መካከል ነጭ አረፋ መታየት ይጀምራል፤ አረፋው የሥራው ምስክር ነው። ደቃቅ ጨው ቶሎ ስለሚሟሟ የመፈተግ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ሻካራ ጨው የሚመረጠው ስለዚህ ነው። ኮሪያውያን የጥሩ አብሳይን ችሎታ «ሶንማት»፣ ማለትም የእጅ ጣዕም፣ ይሉታል፤ እኛም «እጇ ይጣፍጣል» እንላለን። በዶራጂ ላይ ይህ አነጋገር ቃል በቃል እውነት ነው፤ የእሽታው ኃይልና ቆይታ ጣዕሙን ይወስናል።

የመጨረሻው ደረጃ ውኃ ነው። እዚህ ላይ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ተመራማሪ የሚያውቀው ቀላል ስሌት ይሠራል። በነፃ የሚንቀሳቀሰው መራራ ነገር በክሩና በውኃው መካከል እኩል እስኪከፋፈል ይቆያል ብለን እናስብ። ክሩን በክብደቱ አሥር እጥፍ በሆነ ውኃ አንድ ጊዜ ብንዘፈዝፈው አሥራ አንደኛው ክፍል ይቀራል። ያንኑ ውኃ ለሁለት ከፍለን፣ በአምስት እጥፍ ውኃ ሁለት ጊዜ ብንዘፈዝፈው ግን መጀመሪያ አንድ ስድስተኛው፣ በኋላም የዚያ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም ከሠላሳ ስድስት አንዱ ብቻ ይቀራል። ውኃን ማብዛት ሳይሆን መለወጥ እንደሚጠቅም ይህ ያሳያል። ስሌቱ የተሰበሩትን ሕዋሳት ብቻ የሚመለከትና ሐሳባዊ ነው፤ በውስጥ ሳይሰበሩ የቀሩት ሕዋሳት ምሬታቸውን ይዘው ይቆያሉ። የሚፈለገው ቀሪ ምሬት የሚገኘውም ከእነርሱ ነው።

ከሳፖኒኑ ጋር አብረው የሚወጡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ሥሩ ስኳሮችንና ኢኑሊን የተባለውን የምግብ ጭረት ይይዛል፤ እነዚህም በውኃ የሚሟሙ ናቸው። ለሰዓታት የተዘፈዘፈ ዶራጂ ምሬቱን ብቻ ሳይሆን ለስላሳ ጣፋጭነቱንም ያጣል። ይህ እጥበቱን በቅምሻ እየተከታተሉ ማቆም የሚያስፈልግበት ዋና ምክንያት ነው።

ቀዩ ዶራጂ፦ አሠራሩ

ለአራት ሰው የሚበቃ ማባያ ለመሥራት የሚከተለው ያስፈልጋል፦ ተልጦ የተሰነጠቀ ትኩስ ዶራጂ 200 ግራም፤ ለማሻ ሻካራ ጨው 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ጎቹጋሩ የተባለ የኮሪያ በርበሬ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ጎቹጃንግ 1 የሾርባ ማንኪያ፤ ስኳር 1 የሾርባ ማንኪያ፤ አቼቶ 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል፤ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ግማሽ የሾርባ ማንኪያ፤ የተከተፈ አረንጓዴ ሽንኩርት 1 ዘለላ፤ የሰሊጥ ዘይት 1 የሻይ ማንኪያ፤ የተቆላ ሰሊጥ 1 የሻይ ማንኪያ። ጎቹጃንግ ከበርበሬ፣ ከሩዝ፣ ከተብላላ አኩሪ አተርና ከጨው የሚዘጋጅ ወፍራም ድልህ መሰል ነገር ነው።

ክሮቹን በሰፊ ሳህን አድርጎ ጨው መነስነስና ለሁለት ደቂቃ ያህል በሁለት እጅ እየጨመቁ ማሸት ነው። ክሩ ዝሎ አረፋ ሲታይ በቀዝቃዛ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ይገባል። ቀጥሎ በክብደቱ አምስት እጥፍ፣ ማለትም በ1 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ተለውጦ እንደገና ለ20 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ከወፍራሞቹ ክሮች አንዱን አኝኮ መቅመስ ነው። የምሬት ስሜት ዘግይቶ የሚመጣና የሚቆይ ስለሆነ ወዲያው ፍርድ መስጠት አይገባም፤ ክሩ ከተዋጠ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ምላስ ላይ ጥቂት ምሬት ቀርቶ ጉሮሮ ካልተከረከረ በቂ ነው። ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ ውኃው ለሦስተኛ ጊዜ ይለወጣል። የደረቀ ዶራጂ ሲሆን ግን መጀመሪያ ሌሊቱን በውኃ አድሮ ከለሰለሰ በኋላ ወደ እሽታው ይገባል።

የተዘፈዘፈው ክር በእጅ በደንብ ይጨመቃል። ጭመቃው ችላ ከተባለ ቅመሙ በቀረው ውኃ ይቀጥናል። ከዚያ ቅመሙ በቅደም ተከተል ይገባል፤ ቅደም ተከተሉም ምክንያት አለው። በመጀመሪያ ጎቹጋሩ ብቻውን ከክሩ ጋር ይታሻል፤ ደረቁ በርበሬ በክሩ ላይ ያለውን እርጥበት ጠጥቶ ገጹን በእኩል ያቀላዋል። ቀጥሎ ስኳር፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎቹጃንግ ይገባሉ፤ ከዚያም አቼቶና አረንጓዴ ሽንኩርት። የሰሊጥ ዘይትና ሰሊጥ መጨረሻ ላይ ይሆናሉ፤ ዘይት ቀድሞ ቢገባ የክሩን ገጽ ይሸፍንና ጨዋማውና ጎምዛዛው ቅመም ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ያግዳል።

እያንዳንዱ ቅመም በቀረው ምሬት ላይ የራሱ ሥራ አለው። ፖል ብሬስሊንና ጋሪ ቦሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ የሶዲየም ጨው የምሬትን ስሜት በመጨቆን በምሬቱ ተሸፍኖ የነበረው ጣፋጭነት ጎልቶ እንዲታይ እንደሚያደርግ አሳይተዋል። በጎቹጃንግ ውስጥ ያለው ጨውና የተጨመረው ስኳር በዚህ መንገድ ተባብረው ይሠራሉ። ስለዚህ በእጥበቱ ማብቂያ ላይ ጥቂት በዝቶ የተገኘ ምሬት ቅመም ከገባ በኋላ ልኩን ይይዛል፤ ያለ ቅመም ሲቀመስ ፍጹም ልከኛ የመሰለው ደግሞ ከቅመም በኋላ ምሬቱ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ልምድ የሌለው አብሳይ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የተለወሰው ዶራጂ ወዲያው ወይም በዚያው ቀን ቢበላ ይመረጣል። ጨውና ስኳር በኦስሞሲስ ከክሩ ውኃ ማውጣታቸውን ስለማያቆሙ፣ ሲቆይ በሳህኑ ሥር ፈሳሽ ይጠራቀማል። በማቀዝቀዣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ነገር ግን ኩርሽምታው ይቀንሳል። ኪያር አብሮ የሚገባ ከሆነ ኪያሩ ለብቻው በጨው ታሽቶ መጨመቅ አለበት።

ነጩ ዶራጂ፦ ቅመም የማይሸፍነው

በርበሬ ወደ ኮሪያ የገባው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ እንደ እኛው በርበሬ ሁሉ መነሻው በዚያ ነው። ዪ ሱግዋንግ እ.ኤ.አ. በ1614 ባዘጋጀው «ጂቦንግ ዩሶል» በተባለው ሥራ ውስጥ ተጠቅሶ ይገኛል። ቀዩ ዶራጂ እንግዲህ በረጅሙ የናሙል ታሪክ ውስጥ የኋላ መልክ ነው። በጄሳ ሥርዓት የሚቀርበው ዶራጂ ግን ዛሬም ነጭ ነው፤ ለቀደምት አባቶች በሚቀርብ ምግብ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በልማድ አይገቡም።

ይህ ልማድ ለአብሳዩ ከባድ ፈተና ነው። በቀዩ ዶራጂ ምሬቱን የሚያለዝቡት ጎምዛዛው፣ ጣፋጩና የሚያቃጥለው ቅመም በነጩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በእጥበቱና በሙቀት ላይ ይወድቃል። በጨው የታሸው ክር በፈላ ውኃ ለአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ይነከራል። ሙቀት የሕዋሱን ስስ ሽፋን ስለሚያፈርስ፣ እጅ ያልደረሰባቸው የውስጥ ሕዋሳትም ሳፖኒናቸውን ይለቃሉ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። በመጥበሻ ጥቂት ዘይት ላይ በመጠነኛ እሳት እየተማሰለ፣ ጨው ወይም ቀላ ያለ የሾርባ ሶይ ሶስ ይጨመርበታል፤ ሦስት አራት የሾርባ ማንኪያ ውኃ ገብቶበት ተከድኖ እስኪለሰልስ ይበስላል። በመጨረሻ የሰሊጥ ዘይትና የተቆላ ሰሊጥ ይጨመራል።

የሙቀት ዋጋው ኩርሽምታ ነው። የሕዋሳትን ግድግዳ እርስ በርስ የሚያያይዘው ፔክቲን በረጅም ሙቀት ይሟሟል፤ ሥሩም ይልማል። ስለዚህ ሁለት ደቂቃው አምስት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሁለቱ አሠራሮች መካከል ያለው ልዩነት በአጭሩ ይህ ነው፤ ቀዩ በጥሬነቱ ኩርሽምታውንና ጥቂት ምሬቱን ይጠብቃል፤ ነጩ ሁለቱንም በከፊል ሰጥቶ ልስላሴንና ጥራትን ያገኛል።

ሥሩ ሲታጣ

ዶራጂ ከምሥራቅ እስያ ውጪ በአብዛኛው የሚገኘው በኮሪያ ሸቀጥ መደብሮች ሲሆን፣ በዚያም ደርቆ የሚሸጥበት ጊዜ ይበዛል። በማይገኝበት ስፍራ ነጭ ትልቅ ራዲሽ ተመሳሳይ ማባያ ይሰጣል፤ ኮሪያውያን ራሳቸው ሙሴንግቼ የሚሉት የታወቀ የራዲሽ ማባያ አላቸው። ነገር ግን አሠራሩን እንዳለ መገልበጥ ስሕተት ነው፤ ጨው በሁለቱ ላይ የሚሠራው ሥራ የተለያየ ነውና።

የራዲሽ ኃይለኛ ጣዕም ከሳፖኒን የሚመጣ አይደለም። ሥሩ ሲቆረጥ ማይሮሲኔዝ የተባለ ኤንዛይም ግሉኮሲኖሌት በተባሉ ውሕዶች ላይ ሠርቶ የሚያቃጥሉ ነገሮችን ይፈጥራል፤ እነዚህም ተን ሆነው የሚጠፉ ናቸው። ከዚህ ሌላ ራዲሽ ከክብደቱ 95 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ነው። በራዲሽ ላይ ጨው የሚፈለገው ትርፉን ውኃ ቀድሞ ለማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ 400 ግራም የተሰነጠቀ ራዲሽ በ1 የሻይ ማንኪያ ጨው ለ15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሳይዘፈዘፍ ተጨምቆ ወደ ቅመሙ ይገባል። እንደ ዶራጂ ቢፈተግና ቢዘፈዘፍ የሚጠፋው ጣዕሙ ነው።

ዘዴው ከሥሩ ተለይቶ ሊጓዝ እንደሚችል ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1937 የሶቪየት መንግሥት ወደ 170,000 የሚጠጉ ኮሪያውያንን ከሩቅ ምሥራቅ አፈናቅሎ ወደ ካዛክስታንና ኡዝቤኪስታን አጓጓዛቸው። በአዲሱ ምድር የለመዱት አትክልት ስላልነበራቸው በአካባቢው በብዛት የሚገኘውን ካሮት በቀጫጭኑ ሰንጥቀው፣ በጨው አዝለው፣ በአቼቶ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በበርበሬና በድንብላል መለወስ ጀመሩ። ሞርኮፍቻ የተባለው ይህ ማባያ ዛሬ በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች በሙሉ ይበላል። ስሙ እንኳ ካሮት ከሚለው የሩሲያኛ ቃልና ተሰንጥቆ የተለወሰ አትክልት ከሚለው የኮሪያ ቃል የተጣመረ ነው። ካሮት የሚታጠብ ምሬት ስለሌለው ዘዴው በእርሱ ላይ እጅግ ቀላል ሆኗል።

ጥንቃቄ

ሥርን ከዱር ቆፍሮ ማብሰል በኮሪያ አደጋ ያደረሰበት ጊዜ አለ። መነሻው ሰሜን አሜሪካ የሆነውና በኮሪያ ተስፋፍቶ የሚገኘው «ሚጉክ ጃሪጎንግ» የተባለ ተክል ወፍራም ሥር ስላለው፣ አበባና ቅጠል በሌለበት ወራት ከዶራጂ ወይም ከመሰሉ ሥሮች ጋር ይምታታል። ይህ ተክል ፊቶላካ አሜሪካና ሲሆን፣ የእንዶድ የወገን ዘመድ ነው፤ ሥሩ መርዛማ ነው፤ ማስታወክና ተቅማጥ ያስከትላል። ምሬትን ማጠብ መርዝን እንደ ማጠብ ሊቆጠር አይገባም። በጨው ማሸትና በውኃ መዘፍዘፍ የሚበላን ሥር ለማጣፈጥ የተገኘ ዘዴ ነው፤ የማይበላን ሥር የሚበላ አያደርገውም። ስለዚህ ሥሩ ከታወቀ አምራች ወይም ሻጭ መገዛት አለበት።

እንዲሁም በገበታ የሚቀርበው ዶራጂ መድኃኒት ነው ብሎ ማሰብ አይገባም። ሳፖኒኑ በከፊል ታጥቧል፤ የቀረውም መጠን ከአብሳይ አብሳይ ይለያያል። ሥሩን ለሕክምና የሚፈልግ ሰው የሚጠቀምበት ዝግጅትም መጠንም ሌላ ነው።

ማጠቃለያ

የዶራጂ ማባያ ከቅመሙ በፊት በተደረገው ነገር ይለካል። ስንጠቃው ገጹን ያሰፋል፤ ጨው ክሩን ያዝላል፤ እጅ ሕዋሱን ይከፍታል፤ የሚለወጥ ውኃ የወጣውን ይወስዳል፤ ሙቀት ሲጨመር ደግሞ ውስጡም ይለቃል። እነዚህ አምስቱ እንደ አስፈላጊነቱ ከፍና ዝቅ ሊደረጉ የሚችሉ ናቸው። ለቀዩ ማባያ ጥቂት ምሬት ይተዋል፤ ቅመሙ ያስታርቀዋልና። ለነጩ ብዙው ይወጣል፤ ምንም የሚሸፍነው የለምና። ለራዲሽና ለካሮት እጥበቱ ጨርሶ ይቀራል።

በአገራችን ግብጦን ለቀናት በውኃ ዘፍዝፎ ምሬቱን የሚያወጣ ገበሬ ይህን ጥያቄ በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ በግብጦ ግን የሚወጣው አልካሎይድ ጎጂ ስለሆነ ማስቀረት የሚፈለግ አይደለም። በዶራጂ ምሬቱ ራሱ የሥሩ ማንነት ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ውኃ ከተደፋ በኋላ አንዲት ክር አኝኮ አንድ ደቂቃ መጠበቅ ከማንኛውም ልኬት ይበልጥ የሚታመን መለኪያ ነው።